ከአራተኛው ጎል በኋላ

ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና አናት ብዙ በማይርቅ አንድ መነፅር ቤት መስታወት ቆራጭ ነበርኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። አላገባሁም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አፍንጮ በር ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤታችን ብቻዬን ነው የምኖረው። ያኔ "ኑሮ እንዴት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ፣ ቅዳሜ ኳስ፣ እሁድ ስለ ቅዳሜው ኳስ ማውራት ብዬ እመልስላችሁ ነበር። እየቀለድኩም አይደለም።

ሄኖክ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ አንድ ቀን ኩፍኝ ይዞን፣ እናቶቻችን በአንድ ነጠላ ጠቅልለው አስተኝተውናል ይባላል። የተለያየነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በምንደግፈው የእንግሊዝ ቡድን። የቡድኖቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ከጻፍኩ ግማሾቻችሁ ታሪኩን ትታችሁ እኔን መስደብ ትጀምራላችሁ።

ከዚያ ቅዳሜ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሄኖክ ሱቃችን መጣ። በሥራ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። የሱቁ ባለቤት እስክትወጣ መነፅር የሚመርጥ መስሎ ቆመ፤ ከዚያ "ቀነሱን" አለኝ።

"ማንን?"

"እኛን። አሥራ አንድ ሰው።" በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። "ለሰላም አልነገርኳትም። ለአባባም አልነግራቸውም። ሌላ ሥራ እስካገኝ ነው። በናትህ፣ ካንተ እንዳይወጣ።"

"አበድክ እንዴ? ከእኔ ይወጣል?" አልኩት።

ሰላም ሚስቱ ናት። አባባ የሚላቸው አባቱ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ሁሉም የሚኖሩት በእሳቸው ግቢ ነው። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ በእርሳስ ፊደል ዘመን ማለቴ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ገና ዓመት ቢሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝም ብለዋል። ሄኖክ ሰው መሀል ይዋሉ ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ቤት ይዟቸው ይመጣ ነበር። ኳሱን አያዩም። ሻያቸውን ይዘው እኛን ነው የሚያዩት።

እናም ሄኖክ አምስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ ወጥቶ፣ አምስት ኪሎ አንድ ማንበቢያ ቤት ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ላይ ሲውል፣ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

*

ኳስ የምናየው ሸምሱ ቤት ነው። የሸምሱ የድሮ ካፌ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ እቃውን ሸክፎ እዚያው አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ሁለተኛ ወለል ተከራየ። ደንበኛውም ወንበሩን ተከትሎ ደረጃውን ወጣ።

ጨዋታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የጀመረው። ለእኛ ሦስት ጨዋታ ቀርቶን ነበር፤ ይህችን ካሸነፍን ዋንጫው ቤታችን ገባ ማለት ነው። የሚገጥመን ደግሞ የሄኖክ ቡድን ሆነ። በአርባ ደቂቃ ሁለት ለባዶ መራን። ከዕረፍት መልስ ሦስተኛውን አከልን። እኔ ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ግድግዳ ለግድግዳ ስዘል ነበር።

"ሸምሱ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ለሄኖክ ዕድሩን ንገርለት እስቲ። ሬሳው ፀሐይ ላይ ነው፤ ድንኳን ይትከሉለት።"

ቤቱ ሳቀ። ሄኖክ ክንዱን አጣጥፎ "ገና ነው ዴቭ፤ ጥሩምባውን ያዘው" አለኝ።

በሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ አንድ ገባብን። ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ሸምሱ እንኳ ሻይ መቅዳቱን አላቆመም። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛው ገባ፤ ያኔ የእኛ ሰዎች ማጨብጨብ አቆሙ። አንዱ "በቃ ኳሷን ይያዟት፤ ጥግ ላይ ይያዟት" እያለ ለቴሌቪዥኑ ይመክር ጀመር። በዘጠናኛው ሦስተኛው ገባ። ጭማሪው አምስት ደቂቃ ነው ተባለ። አራተኛው የገባው በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ኳሷ ከበረኛችን ደረት ተንሸራታ፣ በእግሮቹ መሀል አልፋ፣ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብላ መስመሩን ተሻገረች።

እንግዲህ ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሰው ይጮኻል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ከእኛ ወገን አንድም ሰው አልጮኸም። ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ የቡድኑን ማልያ ከላዩ አውልቆ፣ በሥርዓት አጣጥፎ፣ ፌስታል ውስጥ ከተተው፤ ንብረት የሚያስረክብ ይመስል ነበር። ሌላው ግድግዳውን ያያል። የሄኖክ ወገኖች ጠረጴዛ እየደበደቡ ይጨፍራሉ፤ ጩኸታቸው ግን ለእኔ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ያህል ሩቅ ነበር። ብርጭቆ ይዤ ነበር። ሻዩ ትኩስ መሆኑን ያወቅኩት ጣቶቼ ቀልተው ሳያቸው ነው።

ሄኖክ ከዚያ ተነሣ። የተነሣውም በመብቱ ነው፤ ሰማንያ ደቂቃ ስሰድበው ቆይቻለሁ።

"ሸምሱ!" አለ። "ያንን ድንኳን አታፍርሰው፤ ባለቤቱ መጥቷል!"

ቤቱ ፈነዳ።

"ዴቭ ወንድሜ፣ የእናንተ ቡድን እኮ ሰማንያ ደቂቃ ሙሽራ፣ አሥር ደቂቃ አስከሬን ነው። ሚዜዎቹ ከካባው ሳይወጡ ነው ቀብር የደረሱት።" ወደ አባቱ ዞረ። "አባባ፣ እስቲ እግዜር ያጥናህ ይበሉት።"

ጋሽ ታደሰ ሳቁ። ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ትከሻቸው እየተነቃነቀ፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ አጠገባቸው ላለው ሰው "ልጄ ነው፤ ጨዋታ ያውቃል" አሉት።

እኔም አፌን ከፈትኩ።

"ሄኖክ" አልኩ፣ "ከሥራ ከወጣህ አምስት ወርህ ነው። ለአባትህ የምትነግራቸው መቼ ነው?"

አልጮህኩም። ድምፄ ዋጋ የሚናገር ሻጭ ድምፅ ነበር። ተናድጄ ተናገርኩ ብዬ ብነግራችሁ ሐሰት ይሆንብኛል፤ ንዴት ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንዳች ነገር ይሰማኝ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ቃሉ ከወጣ በኋላም ምንም አልተሰማኝም። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ትዝ ይለኛል።

ሸምሱ ሪሞቱን አንስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። ለምን እንደቀነሰው እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

የሄኖክ ፊት ላይ ሳቁ ወዲያው አልጠፋም። ጥቂት ቆየ፤ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ሳቅ። ከዚያ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ፣ ወደ አባቱ ጎንበስ አለና "አባባ፣ መጣሁ" አላቸው።

"እሺ" አሉት።

ደረጃውን ሲወርድ እርምጃው ተሰማን። ጋሽ ታደሰ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ልጃቸው መጣሁ ብሏቸዋልና ተቀምጠው ጠበቁት። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ሸምሱ ወንበር መደርደር ጀመረ፤ የእኛን ጠረጴዛ ዞሮ ነው ያለፈው። ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

በመጨረሻ "ጨዋታው አልቋል አይደል?" አሉኝ።

"አልቋል ጋሼ።"

"እንግዲያው አንተ አድርሰኝ።"

*

ከጊዮርጊስ እስከ አፍንጮ በር በእግር ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን በሕይወቴ የሄድኩት ረጅሙ መንገድ እሱ ነው። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙ፤ ከያዙት በኋላ አልለቀቁትም። የሰው ምሥጢር ያወጣሁ ሰውዬ፣ ምሥጢሩ የተደበቀባቸውን ሽማግሌ ክንድ ለክንድ ተያይዤ ፒያሳን አቋረጥኩ።

"ጋሼ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ያ መኪና ይለፍ" አሉኝ።

የፈረሱት ቤቶች በነበሩበት በኩል አዲሱን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይዘን ወረድን። ጋሽ ታደሰ አንድ ልማድ አላቸው፤ መንገድ ላይ የሚያዩትን ጽሑፍ ሁሉ ያርማሉ። ይህ ሐመሩ ሐ ነው፣ ያ ዓይኑ ዐ ነው፣ እንደዚህ አድርጎ የጻፈውን ድሮ ቢሆን ከደመወዙ ይቆርጡበት ነበር ይላሉ። ያን ቀን ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ እስክንደርስ ምንም አላሉም። እዚያ አንድ የሱቅ መስኮት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። "ሰራተኛ እንፈልጋለን" ይላል።

ቆሙ። ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ።

"ሥራ በንጉሡ ሠ ነው" አሉ። "እነዚህ በእሳቱ ጻፉት።"

"አዎ ጋሼ።"

ግን አልተንቀሳቀሱም። ከሥር በትንንሹ የተጻፈውን እያነበቡ ነበር። የሚፈለገው የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው ከሠላሳ ያልበለጠ። አንብበው ሲጨርሱ "ይሄ ለእሱ አይሆንም" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ድልድዩን ተሻገርን።

ዳገቱን ወጥተን በራቸው ጋ ስንደርስ ሰላም ከፈተችልን። ትንሿን ልጃቸውን አዝላለች። ከትከሻችን በላይ አሻግራ አየች።

"ሄኒስ?"

አሁን ይነግሯታል ብዬ ጠበቅኩ። እግሬን ወደኋላ ሳብኩ።

"የድሮ ጓደኛ አግኝቶ ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ይመጣል። እኔን ዳዊት ያድርስዎ ብሎኝ ነው።"

ልጃቸው ያለበትን ሁኔታ ደብቋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ቀኑ ሳይመሽ አብረውት መደበቅ ጀመሩ። እኚህ ሰው በልጅነቴ ውሸት ሲሰሙ ቀበቶ የሚፈቱ ሰው ነበሩ።

ሰላም "ግባ እንጂ ዳዊት፣ ሻይ ጠጣ" አለችኝ። እቸኩላለሁ አልኳት።

*

የሄኖክ ስልክ ተዘግቷል። የት እንዳለ ግን ዐወቅኩ። ታክሲ አልያዝኩም፤ በእግሬ አምስት ኪሎ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ገና አልሆነም። ማንበቢያ ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው፤ እሱ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ በአንደኛው ጫፍ፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚተው ዓይነት። ሄጄ ጎኑ ቆምኩ። መቀመጥ ከበደኝ።

ቀና ሳይል "አባባስ?" አለኝ።

"አደረስኳቸው።"

"መንገድ ሲሻገሩ ይዘሃቸው ነበር? በቀኝ በኩል አያዩም እኮ።"

"ይዣቸው ነበር።"

"ሰላም ሰማች?"

"አልሰማችም። አባትህ ጓደኛ አግኝቶ ነው አሏት።"

ያኔ ቀና አለ። "አባባ ናቸው ያሉት?"

"እሳቸው ናቸው።"

"አባባ ዋሹ?"

"ዋሹ" አልኩ።

ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ያለቀሰ መሰለኝ፤ አላለቀሰም። እንዲያው ሸፍኖ ቆየ። በሕይወቴ ማንንም ሰው እንደዚያ ተሸፍኖ ሲቆይ አላየሁም። ወንዶች ልጆች ኳስ ይዘው እየተሟገቱ አለፉ፤ ስለዚያው ጨዋታ ነው፤ "አራተኛውን በረኛው ነው ያገባው" ይላል አንዱ።

"ሄኒ፣ ይቅር በለኝ" አልኩ። "ምን እንደነካኝ አላውቅም።"

"ኳስ ነው" አለ ከመዳፉ ሥር። "ተናደድክ፤ ተናገርክ።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። መውጫ እየሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ቢያንስ ለእሱ እውነቱን ልናገር ብዬ "አልተናደድኩም" አልኩት።

እጁን አወረደና አየኝ። እኔ የልጅነት ጓደኛዬን በዚያች ደቂቃ ነው ያጣሁት፤ ሸምሱ ቤት አይደለም። "በል ሂድ ዳዊት" አለኝ። ዴቭ አላለኝም። ሄድኩ።

*

ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ገና ስከፍት ጋሽ ታደሰ በታክሲ ብቻቸውን መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። ምን እንዳመጣቸው ጠየቅኩ።

"ሄኖክ ቅዳሜ ማታ ለሰላም ራሱ ነገራት" አሉ። "እሷም ሦስት ቀን አላናገረችውም። ሥራ በመፍታቱ አይደለም። አምስት ወር ሙሉ በሌሊት እየተነሣሁ ምሳ ስቋጥርልህ እንዴት እጅህ እሺ ብሎ ተቀበልከኝ ነው የምትለው። ዛሬ ጠዋት ግን ሻይ ሰጠችው። ይሄን ልነግርህ ነው የመጣሁት፤ ቤቱ አልፈረሰም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። "ጋሼ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።"

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"እኔ ሦስት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ነበር" አሉኝ። "ላንተ ነገረህ፤ ያመነህ ስለሆነ ነው። እኔን ደበቀኝ፤ የፈራኝ ስለሆነ ነው። እኔን ምን ሳደርግ አይቶኝ ነው የፈራኝ? አርባ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። ጠዋት ሲወጣ በር ድረስ እየሸኘሁ፣ ጠንክረህ ሥራ፣ ስም አታሰድብ እለዋለሁ። አምስት ወር በየቀኑ ብዬዋለሁ።" ተነሡ። "አንተን ይቅር ማለት አላቃተኝም። የሄኖክ ይቅርታ ግን የራሱ ነው።"

እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። ክንዴን አልያዙም፤ ከዘራቸውን ነው የተደገፉት።

ሄኖክ ከስድስት ወር በኋላ ሥራ አገኘ። አምስት ኪሎ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ ደመወዙ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ ግን ቤተሰቡ ሁሉ የት እንደሚውል ያውቃል። እኔና እሱ አልተጣላንም። ሰፈር ውስጥ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ ለቅሶ ላይ አጠገቤ ይቀመጣል፤ በዓል ሲሆን መልካም በዓል ብሎ መልእክት ይልክልኛል። በጣም ጨዋ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳውቀው አንድም ቀን ለእኔ ጨዋ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ኳስ ማየት ተዉ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩም። ተረቱንም ታውቁታላችሁ፣ ስለ አፍ ወለምታ የሚባለውን፤ እሱን አልደግምላችሁም። የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዎች "ተናድጄ ነው እንጂ" ሲሉ ስሰማ እቀናባቸዋለሁ። ንዴት ሲመጣ ታዩታላችሁ፤ ሰውም ያያችኋል፤ ያዙት ይላል። የእኔው ሌላ ነበር። ከተሸነፉ በኋላ የሚመጣ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ ምንም የማይሰማችሁ፣ የእኔ የምትሉትም የሌላው የምትሉትም የማይለይበት። እዚያ ቦታ ላይ ስትሆኑ አፋችሁን ጠብቁ። እዚያ የተናገራችሁትን እናንተ ናችሁ የተናገራችሁት፤ የምታሳብቡበት ንዴት እንኳ የለም።

*

ባለፈው ጥር ሄኖክ ሱቃችን መጣ። ዓይኑ ቅርብ ማንበብ አስቸግሮት ሐኪም መነፅር አዞለታል። ወንበር ላይ አስቀምጬ በማስመሪያ በዓይኖቹ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ለካሁ። ይህን ስትሠሩ ፊታችሁ ከደንበኛው ፊት አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው። "ወደ እኔ ተመልከት" ማለት ግድ ነው፤ ደንቡ ነው።

"ወደ እኔ ተመልከት" አልኩት።

ተመለከተ። ለካሁ፤ ጻፍኩ። ደግሜ ለካሁ።

"መቼ ልምጣ?" አለኝ።

"ሐሙስ ይደርሳል።"

ሐሙስ የመጣችው ሰላም ናት። መነፅሩን አሳየኋት፤ በጨርቅ ወልውዬ ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩላት። ቦርሳዋ ውስጥ ካስገባች በኋላ ወዲያው አልሄደችም።

"ዳዊት" አለችኝ፣ "አንድ ነገር ልንገርህ፤ በሆዴ ከያዝኩት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሄኖክ የተቀየመህ በተናገርከው ነው። እኔ ግን በዚያ አይደለም።"

"አንቺ ደግሞ..."

"በዚያ አምስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ቤታችን መጥተህ በላህ? ሄኒ ሥራ በዝቶበት ከሳብኝ ስልህ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ አዎ ከስቷል ብለኸኛል። እያወቅህ። እኔ የተቀየምኩህ ዝም ባልክበት ነው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ በደል ስጸጸት፣ ሁለተኛው መኖሩን አላወቅኩም ነበር።

ነጠላዋን አስተካክላ "በል ደኅና ዋል" አለችኝ። በሩንም ስትወጣ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።